በግድግዳ ጋዜጣው ላይ የተተወ ስፍራ

የኔታ ሞገስ አውቶቡስ መጠበቁ ሰልችቷቸው ከሲሪንቃ ወደ መርሳ በእግራቸው የተነሡት በ፲፱፻፸፪ ዓ.ም.፣ በጥቅምት ወር፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ነው። በብብታቸው ከወንዝ ዳር የቆረጡትን የመቃ ብዕር እስር ይዘዋል። ሙቀቱ ከመንገዱ ላይ እንደ ቀጭን ውሃ ይርገበገባል፤ ማሽላው ቆሞ የተኛ ይመስላል። እርሳቸውም ግማሽ በእንቅልፍ ሆነው ሲራመዱ፣ የንብ መንጋ የመሰለ ድምፅ ከኋላቸው መጥቶ በአጠገባቸው አለፈ። ቀይ ሻሽ ያሰረች ልጅ በብስክሌት ላይ ነበረች። ጥቂት እንደሄደች ሰንሰለቱ ወለቀባትና ወረደች።

የኔታ አወቋት። የብስክሌት ጠጋኙ የአቶ ሽፈራው ልጅ ሂሩት ናት። ባለፈው እሑድ ከወልድያ እስከ መርሳ በተደረገው የብስክሌት ውድድር ከሴቶች አንደኛ ስትገባ በዓይናቸው አይተዋል። እርሷ ግን አላወቀቻቸውም፤ ወልድያ ተምራ ወደ አባቷ የተመለሰችው ባለፈው ክረምት ነው፣ የኔታም ከቤት ብዙ አይወጡም። ቀድሞ ብራና ላይ የጸሎት መጻሕፍት ብቻ ይጽፉ ነበር። አሁን በየሳምንቱ ቀበሌው ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን ጋዜጣም በዚያው በሚያምር እጃቸው ይጽፋሉ።

«እንደምን ዋልሽ ልጄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን አባባ። እስቲ መሪውን ይያዙልኝ።»

ያዙላት። ጣቶቿ በግራሶ ጠቁረዋል፣ የእርሳቸው በቀለም እንደሚጠቁረው። ሰንሰለቱን እየመለሰች ከየት እንደመጣች ነገረቻቸው። ለደሴው የክፍለ ሀገር ውድድር የሚመረጡት ስማቸው ሲነበብ የእሷ ስላልነበረበት፣ ወልድያ ሄዳ ጠይቃለች። ዝርዝሩ ሰኞ ጠዋት ወደ ደሴ ይላካል። እስከዚያ ማኅተም ያለበት ወረቀት ከመርሳ ካመጣች ይጨምሯታል፤ ካላመጣች ግን ቀርታለች።

«አሁን ያንን ጋዜጣ የሚጽፈውን ሰውዬ ፍለጋ ነው የምሄደው» አለች። «የወንዶቹን ስም እስከ ስድስተኛ አሳምሮ ጽፎ፣ እኔ ጋ ሲደርስ ጣቱን ቁርጥማት ያዘው። ‹ከሴቶች አንደኛ የወጣችው› ይልና ባዶ ነው።»

የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጸሐፊው ክፉ አስቦ ላይሆን ይችላል። የሴት ልጅ ስም ገበያ መሀል ሲነበብ አፍ ይበዛበታል። አባቷ ሲፈቅድ ይሞላ ብሎ ስፍራ ትቶ ይሆናል።»

«አባቴ የብስክሌቱን ኮርቻ በልኬ ዝቅ አድርጎልኛል። ከዚህ ሌላ ምን ፈቃድ ይስጥ?»

«እሺ፣ ሰውነትስ? ሴት ልጅ ይህን ሁሉ መንገድ ስትነዳ አትጎዳም?»

ሂሩት ቀና ብላ በአገጯ ወደ መንገዱ ማዶ አመለከተች። የመርሳዋ እንጨት ሻጭ እትዬ ብዙነሽና ጎረቤታቸው ከራሳቸው በላይ የሚረዝም እንጨት አዝለው፣ ጎንበስ ብለው በሙቀቱ ውስጥ ይሄዳሉ። ከሩቅ ሲታዩ እግር ያወጣ ዛፍ ይመስላሉ።

«እነሱ ይጎዳሉ ብሎ የጻፈ ጋዜጣ አላየሁም» አለች በቀስታ። «የጋዜጣው ግልባጭ ወልድያ ሲደርስ ያ ባዶ ስፍራ ምን እንደሆነ ያውቃሉ አባባ? ታይፒስቱ ‹የሴቶች ውድድር አልተካሄደም› ብሎ መታው። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ነድቼ ነበር። አልተካሄደም ተባለ።»

የኔታ የብራናውን ልማድ አሰቡ። በጸሎት መጽሐፍ ላይ ጸሐፊው ለመጽሐፉ ባለቤት ስም ስፍራ ይተዋል፤ ባለቤቱ መጥቶ እስኪሞላው ድረስ ባዶው የአክብሮት ነው። ይህንኑ ልማድ ይዘው ነበር የግድግዳውን ጋዜጣ የጻፉት። መንገደኛ የሚያነበው ግን የተጻፈውን ብቻ መሆኑን፣ ያልተጻፈው እንዳልተደረገ እንደሚቆጠር ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጽፉ አላሰቡትም። ወንዶቹን ያከበሩት ስማቸውን በመጻፍ ነው፤ ታዲያ ይህችን በምን ሒሳብ ባለመጻፍ ያከብሯታል?

ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩዋት።

«ጣቶቼን እዪያቸው ልጄ። ቁርጥማት የለባቸውም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ልጅቷ ጥቁሩን ቀለም ረጅም ጊዜ አየች። ልትቆጣ ፈልጋ ነበር፤ ቁጣው ግን አልመጣላትም። «የቀበሌው ሊቀ መንበር ማኅተሙን ቆልፎ የሚሄደው በአሥር ሰዓት ነው፣ የኔታ» አለች። «ከኋላ ይቀመጡ።»

እንዲህ ሆኖ አንድ ሽማግሌ በጥቅምት ፀሐይ በብስክሌት ላይ ተጫኑ። ጋቢያቸው ነፋስ ሞልቶት ከኋላቸው ይንሳፈፋል። ዛፉ፣ ማሽላው፣ እንጨት ያዘሉት ሴቶች በጎናቸው ቀስ ብለው ፈሰሱ፤ ለየኔታ ምድር ራሷ በጸጥታ የምትገለጥ ብራና መሰለቻቸው። የመርሳ ገበያ ጫፍ ላይ ሂሩት ፍሬን ያዝ አደረገች።

«ሰው እንዳያይዎ እዚህ ላውርድዎ?»

«ስምሽን የደበቅሁት ይበቃል፤ አሁን ደግሞ ራሴን ልደብቅ? ንጂ።»

ገበያተኛው ሁሉ ዞሮ አየ። አንድ የጨው ነጋዴ «የኔታ፣ ስንተኛ ወጡ?» ሲል ቀለደባቸው። «ሁለተኛ» አሉት፤ «እሷ ትቀድመኛለች።»

ማኅተሙ ሳይቆለፍ ደረሱ። የኔታ ወረቀቱን ጻፉላት፤ ሊቀ መንበሩም ማኅተሙን አሳረፈበት። ከዚያ ግድግዳው ፊት ቆመው፣ በወንዶቹ ቀለምና በወንዶቹ ፊደል ልክ ባዶውን ሞሉት፦ ሂሩት ሽፈራው።

ደሴ ላይ ሦስተኛ ወጣች፤ ያም ተጻፈ። አፍ አልጠፋም፤ ሳምንት ተወርቶ ግን ተረሳ፣ ስሙ ቀረ። ስሙን ካነበቡት መካከል የጤና ረዳቷ ወይንሸት ነበረች። ከአቶ ሽፈራው ብስክሌት ተከራይታ መንዳት ለመደች፤ ግማሽ ቀን በእግር ትሄድባቸው የነበሩት መንደሮች የሁለት ሰዓት መንገድ ሆኑላት። በዚያ ዓመት በመርሳ ዙሪያ፣ በሀብሩ ቆላ ምጥ ጠንቶባቸው በጊዜ የደረሰችላቸው እናቶች ጥቂት አይደሉም። የሰው ሥራ በስሙ ሲነገር፣ ሌላው ያንኑ ሥራ ለመሥራት ድፍረት ያገኛል፤ ይህ ለሩጫም፣ ለብስክሌትም፣ ለመማርም ያው ነው።

የኔታ ሞገስ ከዚያ ወዲህ ባዶ ስፍራ የሚተዉት በጸሎት መጽሐፍ ላይ ብቻ ነው። በሚቀጥለው የጥቅምት ጽጌ አንዲት እናት ድርሳን አጽፋ ልትወስድ መጣችና፣ ስፍራው በባሏ ስም ይሞላ እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

የኔታ ብዕራቸውን ነከሩ። «ያጻፍሽው አንቺ ነሽ» አሏት። «ስምሽን ንገሪኝ።»