ለራጅ መጋረጃ የሰፉት ወይዘሮ ሠናይት ይሻው

ወይዘሮ ሠናይት ይሻው ትናንት ረፋድ ላይ በሠላሳ አንድ ዓመታቸው አርፈዋል።

ከአባታቸው ከአቶ ይሻው ዓለምነውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጌጤ ባዩ አንበሳሜ አጠገብ ተወለዱ። አባታቸው ቀድመው ስለሞቱ እናታቸው ገብስና ድንች እየሸጡ አስተማሯቸው። በዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ተምረው ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ተቀጠሩ።

ያን ጊዜ የራጅና የሲቲ ስካን ውጤት የሚፈለገው ከወረቀት ክምር ነበርና፣ ከጉና በቃሬዛ የወረደ በሽተኛ የቀድሞ ውጤቱ ታጥቶ እንደገና ራጅ ተነሣ ይባል ነበር። እርሳቸው ሐኪሙ የካርድ ቁጥር ሲጽፍ የቆየውን ውጤት ወዲያው የሚያወጣ፣ ከሚያክመው ሐኪም በቀር ግን ለማንም የማይከፈት መፈለጊያ ሠሩ። የካርድ ክፍሉ ኃላፊ አስናቀ የሰው ውጤት «እስቲ አንዴ አሳዪኝ» ሲላቸው «እኔም ራሴ አላየውም» ይሉት ነበር። «ለራጅም መጋረጃ ሰፋሽለት?» ብሎ አስቆባቸዋል።

ይህን የሕይወት ታሪካቸውን እዚህ ቀብራቸው ላይ ከሚያነበው ከሙሉቀን እሸቴ ጋር ተጋብተው አዲስዓለም የተባለች ልጅ ወለዱ።

ባለፈው ዓመት ታመሙ፤ በሲቲ ስካን ጉበታቸው ላይ የማይድን ዕጢ ታየ። ለእናታቸው ራሳቸው ቀስ ብለው እስኪነግሯቸው ድረስ ማንም እንዳይሰማ አደረጉ። አስናቀ ግን ሐኪሙ ከፍቶት በወጣው ኮምፒውተር ውጤታቸውን አንብቦ ሐሙሲት ገበያ ላይ «ሠናይት ከዚህ ሳምንት አታልፍም» ብሎ አወራ። ወሬው አንበሳሜ ሲደርስ ሞተዋል ተብሎ ነበር። ዘመዶችም እንደ ወጉ ተሰብስበው ጎሕ ሲቀድ እናታቸውን መርዶ አረዷቸው፤ ልጃቸው በሕይወት ሳሉ። ወይዘሮ ጌጤ ከመደብ ላይ ራሳቸውን ወረወሩ፤ ዳሌያቸው ተሰበረ። ዛሬ ልጃቸውን ለመቅበር ያልቆሙት ስለዚህ ነው።

አስናቀ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ «ልጄ፣ ሞት አፋፍ ላይ ቂም አይያዝም» አሏቸው። ወይዘሮ ሠናይት እስኪጨርሱ አዳምጠው «እናቴን በእግሯ አቁሙልኝና እታረቃለሁ» ብለው መለሷቸው። ባለቤታቸውም ከዚህ ቃል አንዲት አይቀንስም። አስናቀ እዚያ ከኋላ ቆሟል፤ አፈር እንዳያለብሳቸው፣ ተዝካራቸውንም እንዳይቀምስ በሕዝብ ፊት ተነግሮታል።

እናታቸውን፣ ባለቤታቸውንና የሁለት ዓመት ልጃቸውን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ አጠገብ ያኑርልን፤ የበደላቸውንም እንደ ሥራው ይክፈለው።

ትናንት ጧት ኮምፒውተራቸውን አልጋው ላይ አስመጡ። ሐኪም ትቶት ሲሄድ መፈለጊያው በራሱ እንዲዘጋ አደረጉ፤ አስናቀ የካርድ ቁጥር የሚመዘግብበትንም መግቢያ አጠፉ። ከዚያ በስሙ ሊገቡ ሞከሩ። አልከፈተም። ትራሳቸውን ከፍ አስደርገው አንድ ጊዜ ደግመው ሞከሩ።