ሽማግሌ የሌለበት ጌም

እህቴ ከሳዑዲ ያመጣችልኝ ጌም ጉድ ነበር እላችኋለሁ። ግማሹ እርሻ፣ ግማሹ ጦርነት ነው፤ አርሰህ ትዘራለህ፣ እህሉ ሲደርስ ጠላት ይመጣብሃል። ደግሞ ጠላቱን ብትጨርሰውም አጨዳው ላይ ጌሙ ቀጥ ይላል፤ አንድ ቀን እንኳ አጭጄ አላውቅም።

አንድ ቀን አባቴ ከገጠር እኔ ወዳለሁበት መካነ ሰላም ብቅ ብለው፣ አጠገቤ ተቀምጠው ሲያዩ ጠላት መጣ። «ሽማግሌ ላክባቸው እንጂ!» አሉ። «አባባ፣ እዚህ ሽማግሌ የለም፤ መተኮስ ብቻ ነው» አልኳቸው። ደም የተቃቡትን ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የእርሻቸውን ድንበር የገፋው ጎረቤት ግን የላኩበትን ሽማግሌ ሦስቴ መልሶታል። «በየቱ ነው የሚተኮሰው?» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። አሳየኋቸው። አንድ ሳያስቀሩ ጨረሷቸው። ጌሙም እንደ ልማዱ ቀጥ አለ። እሳቸው የደረሰውን ገብስ እያዩ፣ «በል አሁን ማጨጃውን አሳየኝ» አሉኝ።