ከልብሴ ሳጥን የወጣው ኮንታክተር

ዋርሳዬ፣ የባሌ ወንድም እንድሪስ፣ በደለኝ። እኔና ባሌ እዚህ ቆቦ የኤሌክትሪክ ሥራ በኮንትራት እንይዛለን፤ ሽቦ መዘርጋቱ የእሱ፣ የሱቃችን የመለዋወጫ መደርደሪያ የእኔ ነው። በአገራችን መብራት ሄድ መጣ ሲል መጀመሪያ የሚነደው የገበሬው ፓምፕ ማስነሻ፣ ኮንታክተሩ ነው። ስለዚህ እሱን ሦስት አራት አድርጌ አኖራለሁ። የጌጥ መብራት ግን ሲታዘዝ እንጂ አላስመጣም። እንድሪስ ታዲያ ሱቁን አደራ ብዬው ለለቅሶ ዋጃ ደርሼ እስክመለስ ኮንታክተሮቼን ጎብዬ ላለ ነጋዴ ሸጦ፣ መደርደሪያዬን በሚያብለጨልጭ የሳሎን መብራት ሞልቶ ጠበቀኝ። «እቴ ዘሀራ፣ ዕቃ ማስተኛት እኮ ቀረ! ሲፈለግ ደሴ ይደወላል» አለኝ። «ይሁን» ብዬው ሻሼን ላኖር ወደ ልብሴ ሳጥን ሄድኩ። ይሁን ማለት ልማዴ ስላልሆነ ባሌ ያመመኝ መሰለው።

በሳምንቱ ሸህ አሊ በባጃጅ ከች አሉ። የሽንኩርታቸው ፓምፕ ቆሟል፤ ኮንታክተሩ ነዷል። «ልጄ፣ በዚህ ፀሐይ ሽንኩርቴ ነገን አያይም» አሉኝ። እንድሪስ ደሴ ደወለ፤ «ከነገ ወዲያ» አሉት። ሸሁ የተደረደረውን መብራት ቀና ብለው አዩና «ታዲያ ይኼን ማሳው ላይ ልስቀለው?» አሉት። ብድግ ብዬ ከልብሴ ሳጥን፣ ከሻሾቼ ሥር፣ አንድ ኮንታክተር አወጣሁ። ባሌ ተቀብሎኝ ከሸሁ ጋር በረረ። እንድሪስ ግን አፈረ ብላችሁ ነው? ጭራሽ «ከእኔም ትደብቂያለሽ?» ብሎ ተቆጣ። እኔም እንዲህ አልኩት፦

«እንድሪስ፣ የዘር ማሽላ ለበላ ሰው፣ የተረፈው የት እንዳለ አይነገረውም!»