ጎረቤት ያልሰማው ጉዞ

ኅዳር አሥር ቀን ጠዋት፣ የመርሳው ነጋዴ የጋሽ ኢስሐቅ ልጅ ሀስና ወደ ጀርመን አገር እንደምትሄድ የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ እሷ፣ አባቷና እናቷ ሁሪያ። ቪዛዋ ወጥቷል፣ የነርስነት የሥራ ውሏ ተፈርሟል፣ ለበረራው ሃያ አራት ቀን ቀርቷል። ላይፕዚግ በምትባለው ከተማ ግን የምታርፍበት ቤትም ሆነ የሚቀበላት ሰው አልነበራትም። ዓመት ተኩል አዲስ አበባ ቋንቋ ስትማር ለጎረቤት ልብስ ስፌት ትማራለች ተብሎ ስለነበር፣ አንዲት ሴት ቀሚስ ላሰፋ ብላ ጨርቅ ይዛ መጥታ ሁሪያ በስንት ማመካኛ መልሳታለች።

ይህ ሁሉ ዓይን ከመፍራት የመጣ ነው። በዚያ ሰፈር መንገድ ያሰበ ሰው መንገዱን የሚናገረው ከደረሰ በኋላ ነው። ታላቅ ልጃቸው ሙጃሂድም ከአራት ዓመት በፊት ወደ ዶሃ የሄደው ለማንም ሳይነገር ነበር። ከአየር ማረፊያ የሚቀበለው አልነበረም፤ የጤና ምርመራ ቀን እንዳለውም የሰማው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ሳያገኝ በአርባ አንደኛው ቀን ተመለሰ። ጋሽ ኢስሐቅ ነገሩን አውጥተው አውርደው የደረሱበት መደምደሚያ፣ አንድ ሰው ሳይሰማብን አልቀረም የሚል ነበር።

በዚያ ቀን ወልድያ ወርደው ትልቅ ሻንጣ ገዙ። ሻንጣውን ማዳበሪያ ውስጥ ከተው አፉን በሲባጎ አሰሩና መናኸሪያ ሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከኋላ ተቀመጡ። አጠገባቸው የተቀመጠችው ዮርዳኖስ ነበረች። ሲሪንቃ ምርምር ማዕከል አፈር ትመረምራለች፤ ባለፈው ክረምት የተዳቀለ የማንጎ ችግኝ ያደለቻቸውም እሷ ናት።

«ጋሽ ኢስሐቅ፣ ይሄ ማዳበሪያ ጎማ አወጣ እንዴ?» አለች ወደ እግራቸው እያየች።

አንደኛው ጎማ ጆንያውን ቀድዶ ወጥቶ ነበር። ጋሽ ኢስሐቅ የሰው አደራ ነው ማለት ጀመሩና ተዉት። ልጅቷ የመርሳ ሰው አይደለችም፤ ጀርመን አገር ሁለት ዓመት መማሯንም ያውቃሉ። ለማንም እንዳትናገር አስምለው ሁሉንም አጫወቷት።

ዮርዳኖስ አልተደነቀችም፤ እንደ ሥራዋ ጠባይ መጠየቅ ጀመረች። ሀስና የምትደርሰው በምን ቀን ነው? ቅዳሜ ከሰዓት። እሑድ እዚያ ሱቅ እንደማይከፈት ታውቃለች? በሁለት ሳምንት ውስጥ በከተማው መዝገብ መመዝገብ እንዳለባት፣ ለዚያም የቤት አከራይ ደብዳቤ እንደሚያስፈልጋትስ? ሻንጣው ውስጥ ምን ይገባል? ጋሽ ኢስሐቅ ለመጨረሻው ጥያቄ ብቻ መልስ ነበራቸው፤ ስድስት ኪሎ ቅቤና ቋንጣ።

«ቅቤና ቋንጣ ጉምሩክ ላይ ይቀራል፤ አያስገቡትም። ይልቅ ወፍራም ጫማ ይግዙላት፤ በረዶ ላይ ነው የምትወርደው።»

«ልጄ፣ አንቺ ተምረሻል፤ ዓይን ግን መማር አይገደውም» አሉ። «ሙጃሂድን አይተሻል።»

«ሙጃሂድን ማን አየው? ሲሄድ ያየው የለም ብለውኛል እኮ። ያላየው ዓይን እንዴት በላው?»

ጋሽ ኢስሐቅ የወጣውን ጎማ በእግራቸው ወደ ማዳበሪያው ገፉት። ረዳቱ «ሲሪንቃ ወራጅ!» ብሎ ተጣራ። ዮርዳኖስ አልወረደችም። እዚህ ላይ ብትወርድ ሀስና ማንንም ወደማታውቅበት ከተማ ብቻዋን እንደምትሄድ ገብቷታል።

«መውረጃሽ አለፈ» አሏት።

«ይለፍ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያን ችግኝ ስሰጥዎት ስንት ሰው አማከሩ?»

ጋሽ ኢስሐቅ ቆጠሩ። ስለ ጉድጓዱ ጥልቀት እሷን፣ ስለ ውኃው ግራና ከሚባለው መንደር አንድ ገበሬ፣ ስለ ጥላው ጎረቤታቸውን ዓሪፍን።

«ለማንጎ ችግኝ ሦስት ሰው ጠየቁ» አለች ዮርዳኖስ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ለሀስና አንድም አልጠየቁም። ዱአ የሚያደርግላት እንኳ እንዳይኖር አድርገዋል።»

ሚኒባሱ መርሳ ገባ። ሰው ከልማዱ የሚላቀቀው በልማዱ ሲሰደብ ሳይሆን፣ በሌላው ሥራው ምን ያህል ጠንቃቃ እንደሆነ ሲታወሰው ነው። ጋሽ ኢስሐቅ ከሚኒባሱ ወረዱና ሲባጎውን ፈቱ፤ ሻንጣውን ከማዳበሪያው አውጥተው ማዳበሪያውን አጥፈው በብብታቸው ያዙ። ከዚያ አስፋልቱን ይዘው፣ በሱቆቹ ሁሉ ፊት፣ ሻንጣውን ጎማው እየተንኳኳ ጎተቱት። ዮርዳኖስ ከኋላቸው ተከተለች።

ዓሪፍ ከደጁ ብድግ አለ። ጋሽ ኢስሐቅ ከሁሉ አብልጠው የሚፈሩት የእሱን ዓይን ነበር።

«መንገድ ነው እንዴ፣ ኢስሐቅ?»

«ሀስና ናት። ላይፕዚግ ልትሄድ ነው። ሥራ አግኝታለች፤ ቤት ግን የላትም፤ ሰውም የላትም።»

 ዓሪፍ ግራ ቀኙን አየና አንገቱን አቀረቀረ።

«ረሂማ እዚያ ናት» አለ።

«የእህትህ ልጅ? አዲስ አበባ አይደለችም?»

«ከሄደች አምስት ዓመቷ ነው። አዲስ አበባ ናት ያልነው... እንዲያው ለዓይን ብለን ነው።»

ዮርዳኖስ ሳቋ አመለጣት፤ ሁለቱ ሽማግሌዎችም ተከተሏት። ለካ በአንድ አጥር የሚዋሰኑ ሁለት ቤቶች አንዲት ከተማ ሲደባበቁ ኖረዋል።

የዚያኑ ቀን ለረሂማ ተደወለላት። በሦስተኛው ቀን እሷ ባለችበት ሕንፃ ላይ ባዶ ክፍል መኖሩን ነገረቻቸው፤ በሳምንቱ የአከራዩ ደብዳቤ በስልክ ደረሰ። ዮርዳኖስ በየቅዳሜው መርሳ እየመጣች ለሀስና የባቡሩን ትኬት አቆራረጥ፣ የሐኪም ቤት ቀጠሮ አያያዝና የቆሻሻ መለየቱን ሥርዓት አስተማረቻት። ሁሪያ ቅቤውን ለጎረቤት አካፈለች፤ በቦታው ወፍራም ጫማ፣ የትምህርት ማስረጃና በርበሬ ገባ። በመሄጃዋ ዋዜማ ቀን ሰፈሩ በጋሽ ኢስሐቅ ግቢ ተሰብስቦ ዱአ አደረገ፤ ቦታ ጠቦ ሰው እስከ መንገድ ተቀመጠ። ደብቀው ቢሸኟት ኖሮ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አታገኝም ነበር።

ሀስናን ረሂማ ከባቡር ጣቢያ ተቀበለቻት። በዘጠነኛው ቀን በከተማው መዝገብ ተመዘገበች፤ በአሥራ አራተኛው ቀን ሥራ ጀመረች። የስድስት ወሩ የሙከራ ጊዜ ሲያበቃ፣ ከመቶ ሃያ አንድ የሥራ ቀን አንድም አልቀረችም ነበር።