ሹራቧ ገብቷል

ጋሽ አራት ነጥብ ያን ዕለት ጠዋት ወደ ክሊኒኩ የሄዱት ዓይናቸውን ሊታዩ እንጂ ሰው ሊያጋልጡ አልነበረም። በማተሚያ ቤቱ የእርማት ክፍል ኃላፊ ናቸው። እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ነገር ግን ክርክርን ሁሉ "አለቀ፣ አራት ነጥብ" እያሉ ስለሚዘጉት ሠራተኛው ይህን ስም ለጠፈባቸው፤ እሳቸውም ሰምተው እንዳልሰሙ አለፉት።

በክሊኒኩ መተላለፊያ ሁለት በሮች አንድ አግዳሚ ወንበር ይጋራሉ። ሰባተኛው በር የዓይን ነው፤ ስምንተኛው የአእምሮ። በስምንተኛው የሚገባ ሰው ዓይኑን የሚታይ መስሎ መቀመጥ ስለሚችል አግዳሚው ለብዙዎች ምቹ ነበር። ጋሽ አራት ነጥብ ቁጥራቸውን ይዘው ሲቀመጡ አጠገባቸው ያለችው ሴት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አሥራ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠው ያዩትን አንገት ግን ከየትም ቢሆን ያውቁታል። የእርማት ጓደኛቸው ነበረች። ያን ዕለት ጠዋት ስልክ ደውላ "ጥርሴን አሞኛል" ብላቸዋለች።

"ጥርስ እዚህም ይነቅላሉ እንዴ?" አሏት።

"እንደምን አደሩ፣ ጋሼ" አለች ቀስ ብላ እየዞረች። "ጥርሴ ደኅና ነው። ባለፈው ወር ሆዴም ደኅና ነበር፤ ከዚያ በፊት ወገቤም። እኔ የምታከመው እዚያ ነው።" በዓይኗ ስምንተኛውን በር አሳየቻቸው።

"ይህ የዓመቱ አሥራ አንደኛ ቀሪሽ መሆኑን ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ። አሥራ ሁለተኛ ከመጣ እንደሚያሰናብተኝ አለቃው ነግሮኛል። ስለዚህ ይህን አጽፌያለሁ።" ከቦርሳዋ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። "የስድስት ሳምንት ዕረፍትና ሕክምና ይላል። እርስዎ ከፈረሙበት እስከ ዛሬ ማታ ለአስተዳደር ማስገባት እችላለሁ። ካልፈረሙ ሥራዬ አለቀ ማለት ነው።"

ጋሽ አራት ነጥብ መነጽራቸውን አውርደው አነበቡ። ምክንያት በሚለው መስመር ላይ ጣታቸው ቆመ።

"እዚህ ጋ 'የአእምሮ' የሚለውን አስወጥተሽ 'የጥርስ' ብታሰኚው አሁኑኑ እፈርምልሽ ነበር።"

"ስድስት ሳምንት የሚታመም ጥርስ ስንት ሥር አለው፣ ጋሼ?"

ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። "አትቀልጂ ልጄ። ክፉ አስቤልሽ አይደለም። ይህ ወረቀት መዝገብ ቤት ከገባ ዕድሜ ልክሽን ይከተልሻል። ስትስቂ 'ጀመራት' ይሉሻል፣ ስትቆጪም 'ጀመራት'። ሐሳብ ያልያዘው ማን አለ? ሁሉም ችሎ ነው የሚሠራው።"

"እኔም ችዬ ሠርቻለሁ። ግን ጠዋት ጫማዬን ላስር አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ እላለሁ፤ ቀና ስል ቀኑ ተጋምሷል። በመሃል የት እንደነበርኩ አላውቅም። ያን ቀን ሆዴን ነው እላለሁ። በማግስቱ እንዳይነቃብኝ የሁለት ቀን ሥራ እሠራለሁ፤ በሳምንቱ እንደገና እወድቃለሁ። ሐኪሙ 'እግርሽ ቢሰበር አንዳንድ ቀን እየተኛሽ በመሃል ትሮጪበት ነበር?' አለኝ።"

"የተሰበረ እግር ይታያል። ይህን ማን ያይልሻል? ደግሞስ ምን ጎደለብሽ? በቀረሽ ቁጥር ሹራብሽን አስገብቼልሻለሁ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ማተሚያ ቤት አለቃው በክፍሎቹ አይገባም፤ በመተላለፊያው እያለፈ በመስተዋቱ በር አሻግሮ የተቀመጡትን ሰዎች ጀርባ ይቆጥራል። ስለዚህ ሰው ሲቀር ጓደኛው ኮት ወይም ሹራብ ወንበሩን ያለብስለታል። "እከሌ ገብቷል?" ሲባል "ልብሱ ገብቷል" ይባልና ይሳቃል። አለቃው የሚደርስበት ቀሪ ሠራተኛው ራሱ ደውሎ ያስመዘገበው ብቻ ነው፤ አሥራ አንድ የተባለው የእሷ ቀሪ በእውነቱ ከሠላሳ ይበልጥ ነበር። ሁሉም ዘዴውን እንደ ውለታ ያየው ነበር።

"ሹራቡን እፈራዋለሁ፣ ጋሼ" አለች ሴትዮዋ። "አልጋዬ ላይ ሆኜ፣ እዚያ ተቀምጦ የሚሠራው ሰው እሱ ነው፣ ወንበር ላይ እንደ ልብስ የተንጠለጠልኩት እኔ ነኝ እላለሁ።"

ጋሽ አራት ነጥብ ወደ እሷ ጠጋ አሉ። ዓይናቸውን ለምን ሊታዩ እንደመጡ ለማንም አልተናገሩም ነበር። አሁን ግን ወዲያ ወዲህ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"አትስቂብኝም አይደል? እንግዲያው ስሚኝ።"

የእርማት ሥራ የሁለት ሰው ነው። አንዱ ረቂቁን ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው የታተመውን እየተከተለ በቀይ እርሳስ ያርማል። እሷ በቀረች ቀን ጋሽ አራት ነጥብ አለቃው ድምፅ እንዲሰማ ብለው ለሹራቡ ያነቡለት ጀመር። ቆይተው ጠዋት ሲገቡ "እንደምን አደርሽ" ይሉት ጀመር። ከሦስት ሳምንት በፊት ግን አንብበው ሲጨርሱ በሹራቡ ፊት የነበረው ወረቀት ታርሞ አገኙት። ቀዩ ምልክት የእሷ ነው፤ ጭራውን ወደ ግራ የምትጠቀልለው ነገር እንኳን አልቀረም። በሩ እንደተዘጋ ነበር። ከዚያም ሐሙስ ተደገመ፤ ማክሰኞም እንደገና።

"ዓይኔ ነው ብዬ መጣሁ" አሉ ሲጨርሱ።

ሴትዮዋ አልሳቀችም። "እጅዎን ያሳዩኝ" አለች።

ሰጧት። ገለበጠችው። በአውራ ጣታቸውና በጠቋሚ ጣታቸው መካከል ቀይ ነገር ቆዳው ውስጥ ገብቶ ነበር። ለቀናት አይተውት የቤታቸው በር ዝገት መስሏቸው ነበር። የእርሳስ ቀለም መሆኑን አሁን ለሁለቱም መናገር አላስፈለገም።

"እኔ እኮ ቀይ እርሳስ መያዝ ከተውኩ አሥር ዓመቴ ነው! ሳላውቀው እኔው ነበርኩ ያረምኩት?" አሉ።

"ይተኛሉ፣ ጋሼ?"

"ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ሁለት ሰዓት። ሲበዛ ሦስት። በሚመጣው ወር ዓመቷ ነው።"

"ይህን ለማን ነገሩት?"

"ለሹራብሽ" አሉ።

የሰባተኛው በር ነርስ ቁጥራቸውን ጠራች። ገብተው ብዙ ሳይቆዩ ወጡ። ዓይናቸው ለዕድሜያቸው ደኅና ነው ተብለዋል። ምነው ታሞ በተገኘ ብለው ተመኝተው ነበር፤ ይህን ማለታቸው ለራሳቸውም አሳፈራቸው።

"ወረቀቱን አምጪው" አሉ ተቀምጠው።

ፈረሙ። ሴትዮዋ ፊርማውን ሳይሆን ከላይ ያለውን መስመር አየች። "ምክንያቱን አይሰርዙትም?"

"ልክ ነው የተጻፈው። አራሚ ልክ የሆነ ነገር አይሰርዝም።" ቀጥለውም አንገታቸውን ደፍተው፣ "የስምንተኛውን በር ቁጥር ማን ነው የሚሰጠው?" ብለው ጠየቋት።

በማግስቱ ወንበሩ ባዶ ዋለ። ሹራቡን አጣጥፈው ቤቷ አድርሰውላት ነበር። አለቃው አንድ ጀርባ ጎደለበትና በሩን ከፈተ።

"ማን ቀረ?"

"የእርማት ጓደኛዬ ታማለች። አእምሮዋን ነው የሚያማት። ስድስት ሳምንት አትመጣም። እስከ ዛሬ ግማሹን ጊዜ ሹራብ ነው ስናስቆጥርዎት የኖርነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው።"

አለቃው ፊቱ ቀላ፣ ጠቆረ፤ ተቆጣ። ለጋሽ አራት ነጥብ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው፤ እሳቸውም ተቀበሉት። ነገር ግን ሰው መጉደሉ ስለታወቀ ከመጽሐፍ ጥረዛ ክፍል አንዲት አንባቢ በጊዜያዊነት ተላከችላቸው። ሹራቡ እስከተቀመጠ ድረስ ማንም አልጎደለም ነበርና ምትክ ሊጠየቅ አይችልም ነበር። ሰው ደግ ሥራ እየሠራሁ ነው ብሎ ሲደብቅ ምን ያህል እንደሚጎዳ ጋሽ አራት ነጥብ ያን ጊዜ ገባቸው። ታማሚዋ ሳትድን ወደ ሥራ ትሮጣለች፤ የቀረው የሁለት ሰው ሸክም ይሸከማል፤ መጽሐፉም ከነስሕተቱ ይወጣል። ሕመሙ በስሙ ሲጠራ ግን ሐኪም ያውቀዋል፣ አለቃም ይተካለታል፣ ጓደኛም ሄዶ ይጠይቃል። እሳቸውም በየማክሰኞው ከሰዓት በኋላ በስምንተኛው በር ይገባሉ፤ የራሳቸውን ፈቃድ ሲጽፉም ምክንያቱን በግልጽ ጻፉት። ያን ወር ከተለያየ ክፍል ሦስት ሰዎች ምክንያታቸውን ሳይደብቁ ፈቃድ ጠየቁ።

በሰባተኛው ሳምንት ሰኞ ጋሽ አራት ነጥብ ረቂቃቸውን እያስተካከሉ ሳሉ የወንበሩ መደገፊያ ላይ ግራጫው ሹራብ በዓይናቸው ጠርዝ ገባ። ቀና ማለት ፈሩ። እንደ ድሮው ልማዳቸው ወረቀታቸው ላይ አቀርቅረው፣

"እንደምን አደርሽ" አሉ።

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጋሼ። እርስዎስ እንዴት አደሩ?"

ቀና አሉ። ሹራቡ ውስጥ ሰው ነበረበት፤ ቀይ እርሳሱም በእሷ እጅ ነበር። የጋሽ አራት ነጥብ ዓይን እንባ ሞላ።

"ተኝቼ አደርኩ" አሉ፤ ማንበብም ጀመሩ።