ጎማ የሌለው ከዘራ

በሐምሌ አጋማሽ፣ ዝናቡ ለጥቂት ጊዜ ጋብ ባለበት አንድ ረፋድ፣ ከአሰላ ገበያ ወደ ቤቴ ስመለስ ጎረቤቴን አቶ መርሻን መንገድ ዳር ቆመው አገኘኋቸው። ቆመው ስል በሁለት እግራቸው ብቻ ማለቴ አይደለም። በአንድ እጃቸው የሰው አጥር ቆርቆሮ ጨብጠው፣ በሌላው የግራ ጉልበታቸውን ይዘው፣ ፊታቸው ያለውን ጭቃማ ቁልቁለት እንደ ሞላ ወንዝ ይመለከቱታል። ከዚያ እስከ ቤታቸው ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው።

"እንደምን አረፈዱ አቶ መርሻ?" አልኳቸው።

"እግዚአብሔር ይመስገን መምህር ይስሃቅ። ትንሽ አየር ልቀበል ብዬ ነው።"

አየር የሚቀበል ሰው የሰው አጥር እንደማይጨብጥ ሁለታችንም እናውቃለን። ክንዴን ሰጠኋቸው።

አቶ መርሻ የሰባ አራት ዓመት ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በስንዴ ማሳ መሐል ኮምባይነር ሲጠግኑ ነው፤ ከበቆጂ እስከ ሮቤ ድረስ "መርሻ የነካው ሞተር አይቆምም" ይባልላቸው ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰፋሽ በጥር ወር በረንዳቸው ላይ ወድቀው የዳሌያቸው አጥንት ተሰበረ። አራት ወር በጀርባቸው ተኝተው በግንቦት አረፉ። ከቀብሩ በኋላ አቶ መርሻ ከቤት የወጡት ጥቂት ቀን ብቻ ነው፤ በወጡ ቁጥር ደግሞ አካሄዳቸው እየባሰ ሄዷል።

እቤቴ በር ላይ ስንደርስ ዝናቡ እንደገና ጣለ፤ በረንዳዬ ላይ ተቀመጥን። ብዙም ሳይቆይ ግቢዬ ውስጥ ክፍል ተከራይታ የምትኖረው ፈናን ጃንጥላዋን እያራገፈች ገባች። ፈናን የኦጎልቾ ገበሬ ልጅ ናት፤ ፊዚዮቴራፒ ተምራ የተሰበሩና የደከሙ ሰዎችን መልሶ ማስኬድ ሥራዋ ነው። አቶ መርሻን አይታ እጅ ነሳችና የጫማቸውን ጭቃ፣ ከዚያም ባዶ እጃቸውን ተመለከተች።

"ጋሼ መርሻ፣ በዚህ ጭቃ ያለ ከዘራ ነው የወጡት?"

"ከዘራ የደከመ ሰው ምልክት ነው፣ ኢንታላ ኮ" አሏት፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው። "እኔ ገና አልደከምኩም።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያልደከመ ሰው አጥር እየያዘ አይሄድም። ባለፈው ሳምንትም ከመስኮቴ አይቼዎታለሁ።"

አቶ መርሻ አልተቆጡም። "በእኛ ጊዜ ከዘራ የሚይዝ ሰው ለክብሩ ነበር የሚይዘው። ዛሬ ይዤ ብወጣ ግን 'መርሻ አለቀለት፣ ሚስቱን ሊከተል ነው' ይሉኛል።"

"የእኔም አባት ዱላ ሳይዝ ከቤት አይወጣም" አለች ፈናን። "ግን ትከሻው ላይ ያጋድመዋል እንጂ ክብደቱን አይጥልበትም። ለወግ የሚያዝ ዱላና ሰው የሚደገፍበት ዱላ አንድ አይደሉም። ብዙ ሰው የሚሰበረው የወጉን ዱላ ለድጋፍ ሲያውለው ነው።"

"እንግዲህ የእኔ ምርኩዝ እግዚአብሔር ነው።"

"አሜን ይሁን። ግን ጋሼ፣ መጽሐፍ ሲያነቡ መነጽር ያደርጋሉ። መነጽር ስላደረጉ እግዚአብሔርን ተዉ ያለዎት ሰው አለ?"

ይህን ስትል እኔ ፈገግ አልኩ፤ አቶ መርሻ ግን ፊታቸው ጠቆረ። ዓይናቸውን ወደ ዝናቡ መለሱ። ከዚያ በዝግታ እንዲህ አሉ፦

"ተዪኝ ልጄ። ምክንያት እየፈለግኩ ነው የማወራሽ። ከዘራ የማልይዘው አሰፋሽን በከዘራ ስለገደልኳት ነው።"

ፈናን ጃንጥላዋን አስቀምጣ ከፊታቸው ተቀመጠች።

"ጉልበቷ ሲያስቸግራት አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ገዛሁላት። ቅርጽ ያለው፣ እጀታው እንደ አንበሳ ራስ የተጠረበ። ረዘም ያለውን መረጥኩ፤ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ቀና ብላ እንድትታይልኝ ነው። ጫፉ ላይ ጥቁር ጎማ ነበረው። የሆስፒታል ዕቃ አስመሰለው፤ ወለሉንም ጥቁር በጥቁር ያደርጋል። በጉጠት ነቅዬ ጣልኩት። 'አሁን አማረ' አልኳት። እሷም አማረ አለች።" እጃቸውን ገለበጡና መዳፋቸውን አዩ። "በዚያ ቀን በረንዳው ታጥቦ እርጥብ ነበር። እንጨቱ ሲሚንቶው ላይ ሲንሸራተት ድምፁን ከጓዳ ሰምቼዋለሁ። ለብረት ሚሊ ሜትር ስለካ ነው የኖርኩት። ሚስቴን ግን አልለካኋትም።"

እዚህ ላይ የራሴንም ጥፋት መናገር አለብኝ። ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬአለሁ፤ ስለ ሰው አካልም ሰሌዳ ላይ ሥዬ አስረድቻለሁ። ወይዘሮ አሰፋሽ በዚያ ረጅም ከዘራ ሲሄዱ ቀኝ ትከሻቸው ወደ ጆሯቸው ወጥቶ አየሁ፤ አንድ ቀን ሳይሆን በየሳምንቱ። "እርጅና ነው" ብዬ አለፍኩ። ከመካከላችን ይህ ዱላ አይሆንም ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ተምረናል የምንለው ሰዎች የምናውቀውን ለጎረቤታችን ካላዋልነው መማራችን ምን ፋይዳ አለው?

ፈናን ታጽናናቸዋለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን አልዋሸቻቸውም።

"ረዝሞባቸው ነበር" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ጎማውም ቢኖር ምናልባት ላይንሸራተት ይችል ነበር። አልደብቅዎትም። ግን እትዬ አሰፋሽ አጥንታቸው የሳሳ ነበር፤ ያንን ዕለት ባይወድቁ ሌላ ቀን ሊወድቁ ይችሉ ነበር። ከዘራውን የሸጠልዎትም፣ መንገድ ላይ ያየናቸውም አልነገርንዎትም። ጥፋቱን ብቻዎን አይውሰዱት።"

"ብካፈለውስ ከመቃብር ያወጣታል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ልጄ።"

"አያወጣቸውም።"

"እንዲያ ከሆነ ልውደቅና ልሙት። ማን ቀረኝ?"

ይህን ያሉት በቁጣ አልነበረም። ሰው የሰለቸውን ዕቃ እንደሚያስረክብ ነው ያሉት።

"ጋሼ መርሻ፣ መውደቅ ቶሎ አይገድልም" አለች ፈናን። "እርስዎ ያውቁታል፤ አራት ወር አስታመዋል። የወደቀ ሰው ይተኛል። ጎኑ ይቆስላል። ሽንቱን ሌላ ሰው ይደፋለታል። እትዬ አሰፋሽን እርስዎ አገላበጡ። እርስዎን ማን ያገላብጥዎታል? ቢታንያ አይደለችም? ሥራዋን ትታ፣ ሁለቱን ልጆቿን ከሐዋሳ ይዛ ትመጣለች፤ አትመጣም?"

ቢታንያ አንድ ልጃቸው ናት።

"ትመጣለች" አሉ አቶ መርሻ። "እናቷን ስናጥብ ያለቀሰችውን አይቻለሁ።"

"እኔ ስለ ሞት አልመክርዎትም፤ አልችልምም። የምመክርዎት ስለ አልጋ ነው።"

አቶ መርሻ ዝናቡ ሲያባራ ተነሡ፤ የበረንዳውን ምሰሶ ይዘው ጥቂት ከቆሙ በኋላ ወደ ፈናን ዞሩ።

"ነገ ሥራ ትገቢያለሽ?"

"ከሰዓት ነው የምገባው።"

"እንግዲያው ጠዋት አስመርጪኝ። እኔ መምረጥ አልችልበትም።"

በማግሥቱ ሦስታችንም በባጃጅ ወደ አናጺው ጉቱ ሄድን። ጉቱ የሠራቸው ከዘራዎች ግድግዳው ላይ ተደርድረዋል። አቶ መርሻ ልማድ ሆኖባቸው እጃቸውን የዘረጉት ወደሚያብረቀርቀው ነበር፤ ወዲያው እንደተቃጠለ ሰው መለሱት።

"መጀመሪያ እጀታውን ይዩ" አለች ፈናን። "ክብ ድቡልቡል ያለው መዳፍ ውስጥ ይሽከረከራል። ቅርጽ የወጣለት ደግሞ ጣት ይወጋል። ይኼ ሰፋና ጠፍጠፍ ያለው መዳፍዎን ይሞላል፤ ክብደትዎም በቀጥታ በዘንጉ ላይ ያርፋል። ይጫኑት እስቲ። ጎበጠ?"

"አልጎበጠም።"

"ከበደዎት?"

"አልከበደኝም።"

"አሁን ሁልጊዜ በሚወጡበት ጫማ ቀጥ ብለው ይቁሙ። እጅዎን ዝም ብለው ይልቀቁት፤ ትከሻዎን አያንሡ።" ከዘራውን ከጎናቸው አቆመችና የእጃቸው አንጓ ከሚታጠፍበት መስመር ጋር አስተያየችው። "የእጀታው አናት እዚህ መድረስ አለበት። ሲይዙት ክርንዎ በትንሹ ብቻ ይታጠፋል። ከዚህ ከረዘመ ትከሻን ይሰቅላል፣ ሚዛን ይነሣል፤ ካጠረ ያጎብጣል። ይኼ በአራት ጣት ይረዝማል።"

ጉቱ ምልክት አድርጎ ቆረጠው። ፈናን ከቦርሳዋ ከመድኃኒት ቤት የገዛችውን ጥርስ ያለው ሰፊ ጎማ አውጥታ ሰጠችው፤ ከጫፉ ላይ አጥብቆ ከተተው። አቶ መርሻ ጎማውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

"ጥርሱ ሲያልቅ ይቀየራል" አለቻቸው። "እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል፤ ጎማው ባለቀ መኪና ጭቃ ውስጥ አይገባም።"

"አይገባም" አሉ። ከዚያም ከዘራውን በግራ እጃቸው ያዙት።

"በቀኝ፣ ጋሼ።"

"የሚያመኝ ግራው ነው እኮ።"

"ለዚህ ነው በቀኝ የሚያዘው። ሰው ሲራመድ ግራ እግሩና ቀኝ እጁ አብረው ይወጣሉ። ግራ እግርዎን ሲያነሡ ከዘራውንም አብረው ያውጡት፤ የጉልበቱን ሸክም ይካፈለዋል። ደረጃ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቅደም፤ ሲወርዱ ከዘራውና የታመመው ይቅደሙ።"

አቶ መርሻ በተበተነው ሰጋቱራ ላይ ወደ ጉቱ በር ሄዱ፤ ተመለሱ። ሁለተኛ ሄዱ። ትከሻቸው እኩል ነበር። እኔ ደስ ብሎኝ ልናገር ስል ፊታቸውን አየሁና ተውኩት። እንባቸው በጉንጫቸው ላይ ይወርዳል።

"እንዲህ ቀላል ነበር?" አሉ። "አንድ መጋዝ፣ አንድ ቁራጭ ጎማ?"



በወሩ መጨረሻ እሑድ የሰፈራችን እድር ሲሰበሰብ አቶ መርሻ ማንንም ሳይዙ በቁልቁለቱ ወርደው መጡ። የዕለቱ ጉዳይ ካለቀ በኋላ ለመናገር ፈቃድ ጠየቁ። ንግግራቸው አጭር ነበር። ጎማውን በጉጠት እንዴት እንደነቀሉ ሳይደብቁ ተናገሩ፤ የተናገሩት ምሕረት ሊለምኑ አልነበረም።

"ልኩ የሆነ ከዘራ ሰውን ገበያ ያደርሳል፣ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ ያደርሳል፣ ለቅሶም ያደርሳል" አሉ። "ጉልበትን ያሳርፋል፤ ልጆችንም ከማስታመም ያድናል። እኔ ደስታዬን አልመለሰልኝም፤ እንደዚያ ብዬ አላታልላችሁም። ግን አሰፋሽ መቃብር ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ። ከቀብሯ ወዲህ አልቻልኩም ነበር። ቤታችሁ ሽማግሌ ያላችሁ፣ ዛሬ ማታ ከዘራቸውን ገልብጣችሁ እዩ።"

 ከሴቶቹ ወገን አሮጊቷ ወይዘሮ ጽጌሬዳ ዱላቸውን ገልብጠው ጫፉን አዩት፤ እንጨቱ አልቆ እንደ ወንዝ ጠጠር ለስልሷል። ቀስ ብለው ተነሡና አቶ መርሻ ፊት ቆሙ።

"እኔንም ለካኝ መርሻ" አሏቸው።

አቶ መርሻ ከዘራቸውን ለእኔ አቀበሉኝ። የወይዘሮ ጽጌሬዳን ዱላ ከጎናቸው አቁመው እንደተማሩት እጃቸውን አስለቀቋቸው። ጣታቸውን የአሮጊቷ የእጅ አንጓ ላይ አሳርፈው፣ የሰው ሁሉ ዓይን እያያቸው ደጋግመው ለኩ። እኔም ልረዳቸው ፈልጌ እጄን ዘርግቼ መለስኩት።

"በሦስት ጣት ይረዝማል" አሉ በመጨረሻ። "ዛሬውኑ ይቆረጥ።"