አርባ ሦስት ድምፅና አንድ

ክቡራትና ክቡራን፣ የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣ የተከበሩ ዋና ጸሐፊያችን፣ የመዝገብ ክፍል ባልደረቦቼ፤

ከሁሉ በፊት አዳራሹን አስፈቅዳችሁ፣ ወንበር ደርድራችሁ፣ አበባ ይዛችሁ ልትሸኙኝ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ድምፅ ማጉያውን ወደ ቁመቴ ዝቅ ያደረገልኝን ቴክኒሻን ለብቻው አመሰግነዋለሁ። እዚህ ሕንፃ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ስሠራ ይህን ነገር ስይዝ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ሌላው ሲናገርበት ግን ስጽፍ ኖሬአለሁ።

ስለ ጭብጨባውም አመሰግናለሁ። የመጀመሪያው፣ እኔ ስገባ የተጨበጨበው፣ የእኔ ነበር። ሁለተኛውና ረጅሙ ግን ክብርት የምክር ቤት አባል ዘግየት ብለው ሲገቡ የተጨበጨበው ነው። ልብ ብዬ ሰምቼዋለሁ። ሰው በገዛ ስንብቱ ቀን በጭብጨባ ይበለጣል? እኔ ተበለጥኩ። ለነገሩ ለምጄዋለሁ።

ለማታውቁ ልንገራችሁ። እዚያ ከፊት የተቀመጡት፣ ሰማያዊ ኮት የለበሱት ክብርት የምክር ቤት አባል ታናሽ እህቴ ናቸው። የእናትና የአባቴ ልጅ። እርስ በርስ መተያየታችሁ አልገረመኝም፤ እሳቸውም አላወሩ፣ እኔም አላወራሁ። አትመሳሰሉም የምትሉም አትጠፉም። እናታችንም «አትመሳሰሉም» ትል ነበር፤ ስትለው ታዲያ በደስታ የምታየው እሷን ነው።

ሥራዬን ታውቁታላችሁ። ምርጫ በተካሄደ ቁጥር «የአባላት መጽሐፍ» ይታተማል። ለእያንዳንዱ ተመራጭ አንድ ገጽ፦ ትውልድ፣ ትምህርት፣ ሥራ፣ የምርጫ ታሪክ። ያንን ገጽ ጠይቄ፣ አጣርቼ፣ ጽፌ፣ ባለቤቱን «አንብቤ ትክክል መሆኑን አረጋግጫለሁ» ብሎ እንዲፈርም የማደርገው እኔ ነበርኩ። በዚህ ሥራ ምን ያላየሁት አለ? በየእትሙ ዕድሜያቸው ሁለት ዓመት የሚቀንስ አንድ አባል ነበሩን። አራተኛው እትም ላይ «ክቡርነትዎ፣ በዚህ አያያዝ በሚቀጥለው ምርጫ ለመምረጥም ዕድሜዎ አይደርስም» ብላቸው እያዩኝ አሰቡና፣ «እንግዲያው እዚሁ ላይ ይቁም» አሉኝ።

የመጽሐፉ ቋንቋ ደግሞ የአክብሮት ቋንቋ ነው። ተወለዱ፣ ተማሩ፣ ተመረጡ። እስቲ እናንተ ፍረዱ። እኔ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ተወለድኩ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እዚያው ክፍል፣ እዚያው አልጋ ላይ፣ እሳቸው «ተወለዱ»። እኔ አፍንጫዋን ስጠርግላት የኖርኩት ልጅ! ይህን ቃል መጀመሪያ የጻፍኩ ቀን እጄ እምቢ ብሎኝ ተነሥቼ ውኃ ጠጥቼ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት በዚህ ኮሪደር ላይ «እርስዎ» ስላት ኖርኩ። እሷ «እትዬ» ትለኛለች፤ በትሕትናም ማንም እንዳይቀድማት።

ገጿን በቃሌ ልወጣላችሁ እችላለሁ። «አባታቸው የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ፣ እናታቸው የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነበሩ።» ልክ ነው። «ከልጅነታቸው ጀምሮ በትምህርታቸው ብርቱ ነበሩ።» እሱም ልክ ነው። ማባዣውን በቃሏ ያስያዝኳት ግን ማን ነው? እሱን መጽሐፉ አይጠይቅም። ጠዋት ጠዋት እናቴ «የእህትሽን ልብስ ተኩሺላት፣ ክፍል ውስጥ ፊት ነው የምትቀመጠው» ትለኝ ነበር። እኔም እኮ ልብስ ነበረኝ። እቀመጥ የነበረው ኋላ ስለሆነ ጭምድድ ማለቱን የሚያይ የለም። በሕይወቴ ሳልታዘዝ የእሷን ልብስ ተኩሼ አላውቅም።

«አሥራ ሁለት ዓመት በጤና ጣቢያ በአዋላጅነት አገለገሉ።» እዚህ ላይ ነው ነገሩ ያለቀው። የሰፈሩ እናት ሁሉ «ልጄን የተቀበለችው እሷ ናት» ይላል። እኔ በዚያን ጊዜ እዚህ ታይፒስት ነበርኩ፤ እኔም ከታይፕ ማሽኑ ላይ ወረቀት እቀበላለሁ። ወረቀት ግን እናት የለውም፣ አድጎም አይመርጥም።

አሁን ወደ ምርጫው ልግባ። የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት፣ ሁለታችንም ገና እናታችን ቤት ሳለን፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። የሰፈራችን ሦስት ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ሰፈሩ ለምክር ቤት የሚያቀርበው ዕጩ እየፈለገ እንደሆነ ሰምቻለሁ። የሰፈሩን ማመልከቻ የምጽፈው ደግሞ እኔ ነኝ፤ ቧንቧ ሲቆረጥ፣ መብራት ሲጠፋ፣ መንገድ ሲበላሽ የሚመጡት እኔ ዘንድ ነው። ሆዴ ምን እንዳለኝ ይገባችኋል። አስገባኋቸው፣ ወንበር ጠረግሁላቸው፣ ሻይ ጣድኩ፣ መስታወት ፊት ሄጄ ፀጉሬን ሁሉ ነካ ነካ አደረግሁ። ተመልሼ እጄን አጣምሬ ፊታቸው ተቀመጥኩ።

በዕድሜ ትልቁ ጉሮሮአቸውን ጠራርገው፣ «የኔ ልጅ፣ እህትሽ አለች?» አሉኝ።

ጓዳ ገብቼ ጠራኋት። ሻዩንም ያቀረብኩት እኔ ነኝ።

ቀናሁ። በሰላማዊ ቋንቋ የሚነገር አይደለም፤ ዓይኔ ደም እስኪለብስ ቀናሁ። ግን ታላቅ ነኝ፤ ታላቅ ምን ይላል? «እንኳን ደስ ያለሽ» ይላል። የዓመት ፈቃዴን ወሰድኩና አብሬአት ዞርኩ። የምርጫ ምልክቷ ጃንጥላ ነበር። ግድግዳ ለግድግዳ ጃንጥላ ለጠፍኩ፤ ሙጫው ከጣቴ ሳምንት አልለቀቀም። ጡሩምባ መሳይ ድምፅ ማጉያ ይዤ በየመንደሩ «ጃንጥላን ምረጡ» እያልኩ ጮህኩ። እሷ ከኋላዬ እየመጣች ሕፃናት ትስማለች።

ተሸነፈች። በተቀናቃኟ በልብስ ሰፊው፣ በአርባ ሦስት ድምፅ። ውጤቱ ሲነበብ ትከሻዋን አቅፌ «አይዞሽ» አልኳት። አንጀቴ ግን ቅቤ ጠጣ። በዚያ ዓመት እንደዚያን ቀን የተደሰትኩበት ቀን የለም።

ከአምስት ዓመት በኋላ ደግማ ተወዳደረች። ያኔ አብሬአት አልዞርኩም፤ ወገቤን አሞኛል አልኩ። አሸነፈች። እንግዲህ ገጿን ልጽፍ ተቀመጥኩ። ይህን መዝገብ ያስረከቡኝ አለቃዬ ሲያስተምሩኝ፣ «ልጄ፣ ይህ መጽሐፍ ሰው የገባበትን በር እንጂ የተመለሰበትን አይጽፍም» ብለውኝ ነበር። ሽንፈት አይጻፍም። ስንቱ ሦስቴ አራቴ ወድቆ የገባ አለ፤ አንዳቸውም ገጽ ላይ አታገኙትም። እዚህ የተቀመጣችሁ ታውቁታላችሁ፤ ስም አልጠራም።

እኔ ግን የእህቴ ገጽ ላይ ጻፍኩት። «በመጀመሪያው ምርጫ ተወዳድረው በአርባ ሦስት ድምፅ ተሸነፉ።» በመጽሐፉ ውስጥ ያለ ብቸኛ ሽንፈት የእሷ ነው። ቢጠይቁኝ «ታሪክ ነው፣ እውነት ነው» ልል ተዘጋጅቼ ነበር። ቂም ይዞ ጸሎት እንደሚባለው ነው። ለፊርማ ወሰድኩላት። አነበበች። ያቺ መስመር ላይ ስትደርስ ቆም አለች። ከዚያ ፈረመች፣ «አመሰግናለሁ እትዬ» አለችኝ፤ ወጣሁ።

ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው የሚለውን ተረት መጽሐፍ አዘጋጅ እንኳ ይረሳዋል። በሚቀጥለው ምርጫ መጽሐፉን ይዛ ሕዝቡ ፊት ቆመችና ያቺን መስመር ራሷ አነበበችላቸው። አንዲት እናት ተነሥተው፣ «ሽንፈቷን ያልደበቀች ሌላም አትደብቀንም» አሉ። አለቀ። በሰፊ ልዩነት አሸነፈች። ከዚያ በኋላ በመጣው ምርጫ ተቀናቃኝ ጠፋ። እኔ ላሳንሳት የጻፍኩት አረፍተ ነገር ምርጡ የቅስቀሳ ንግግሯ ሆኖ አረፈው። ባለፈው ወር ለአምስተኛ ጊዜ ተመረጡ። እንኳን ደስ አለዎት፣ ክብርት።

ባለፈው ሳምንት የመጨረሻ ገጿን ላስፈርም ቢሮዋ ገባሁ። ልወጣ ነው፣ ምን ቀረኝ ብዬ ጠየቅኋት።

«ክብርት፣ ይህን መስመር ለምን አስሰርዘውት አያውቁም?»

ተነሥታ በሩን ዘጋች። «በሩ ተዘግቷል። አንቺ በይኝ።»

«የሥራ ሰዓት ነው» አልኳት።

ሳቀች። ከዚያ ጣቷን መስመሯ ላይ አድርጋ፣ «እዚህ ውስጥ አንቺ አለሽ፣ እትዬ» አለችኝ። «ያሸነፍኩባቸው አምስቱ ውስጥ የለሽም። አብረን የሮጥነው ይህችን ብቻ ነው። እሷን አሰርዤ ምን ልያዝ?»

ሳላስፈርም ወጣሁ። ገጹ ይኸው፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ይህን ሳልናገር ደግሞ አላስፈርማትም።

ክቡራትና ክቡራን፣ በዚያ በመጀመሪያው ምርጫ ቀን ድምፅ መስጫው ውስጥ መጋረጃውን ስቤ ብቻዬን ቆምኩ። ጣቴ ላይ የጃንጥላው ሙጫ ገና አልለቀቀም። ጃንጥላውን አየሁት፣ መቀሱን አየሁት። መቀስ የልብስ ሰፊው ምልክት ነው። ምልክት ያደረግሁት መቀሱ ላይ ነው።

አዎ። በድምፅ ማጉያ ስጮህላት ከርሜ እህቴን አልመረጥኳትም። ደጋግሜ አስልቼዋለሁ፤ ብመርጣት ኖሮ በአርባ አንድ ትሸነፍ ነበር፣ ለውጥ የለውም። ሃያ አምስት ዓመት በዚህ ሒሳብ ራሴን ሳጽናና ኖርኩ። ሒሳቡ ልክ ነው። እኔ ግን ልክ አልነበርኩም፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።

እ? አትነሺ፣ ቁጭ በይ። ምን አልሽ?

እሷ ጋ ድምፅ ማጉያ ስለሌለ እኔ ልድገምላችሁ። «አውቃለሁ» ነው ያለችው።

እንዴት ነው የምታውቂው? … እሺ። እሺ። ከኋላ ላልሰማችሁ፦ «ከተሸነፍኩ ማግስት ጀምሮ ሁለት ሳምንት ሙሉ ነጩን ጋዋኔን ማንም ሳያዝሽ ተኮስሽልኝ። ያኔ አወቅሁ» ትላለች።

እንግዲህ አያችሁ? ይህን ሁሉ ዓመት የሰው ታሪክ አጣርቼ ጽፌ፣ የራሴን ያጣራችው እሷ ናት። አውቃ፣ ዝም ብላ፣ «እትዬ» እያለች፣ ያቺን መስመር አቅፋ ሃያ ዓመት ፈረመች። እኔ አልችለውም ነበር። ሰው በይቅርታም ይቀናል እንዴ? ይቀናል። አሁን እዚህ ቆሜ፣ እንባዬ እየመጣ፣ እየቀናሁባት ነው።

መዝገቡን የምትረከቢኝ ባልደረባዬ፣ አንድ ነገር ብቻ አደራ። ያቺን መስመር እንዳትነኪያት። ቤተሰብ ከሚለው ሥር ግን እስከ ዛሬ ባልና ልጆች ብቻ ነው የተጻፈው። «አንዲት ታላቅ እህት አላቸው» ብለሽ ጨምሪበት። ጉድለቱ የእኔ ነው፤ አምስት ምርጫ ሙሉ ዘልዬዋለሁ።

ባልደረቦቼ፣ ስትገቡም ስትወጡም እኩል የሚጨበጨብላችሁ ሁኑ። እጃችሁ የጻፈው አፋችሁ የማያፍርበት ይሁን። የምትቀኑበት ሰው አያሳጣችሁ፤ የሚቀናበት ሰው ያለው ቤቱ ባዶ አይደለም። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ፤ ታላቁም ታናሹም ፊት ይቀመጡ። እናንተንም አኑሮ ለዚህ የጡረታ ወንበር ያብቃችሁ።

ክብርት የምክር ቤት አባል፣ ብዕር ይዘዋል? ገጹ ይኸው፣ ይፈርሙልኝ።

ስትጨርሺ ቦርሳዬን ያዢልኝና ወደ ቤት እንሂድ። የሥራ ሰዓቴ አልቋል፤ ከእንግዲህ አንቺ ነሽ።